በሁለቱ ፎቆች መሐል

መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ «ፎቁ» ሲባል ለብዙ ዘመን አንድ ቤት ብቻ ነበር። ከገበያው ከፍ ብሎ የቆመ፣ ግድግዳው ጥቁር ድንጋይ፣ ወለሉ የጥድ ሳንቃ፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ ቤት ነው። ያሠራው የቆዳና የበግ ፀጉር ነጋዴ ነበር ይባላል። ምድር ቤቱ ውስጥ ቆዳውን ይከምራል፤ ላይኛው ላይ ደግሞ ነፋስ እንዲያገኘው ፀጉሩን ያሰጣል። በደርግ ጊዜ ቤቱ ተወርሶ የቀበሌ ሆነ፤ የላይኛው አዳራሽም በጣውላ ተከፋፍሎ ለተከራይ ተሰጠ። ለጌታነሽና ለባሏ ለመኳንንት የምሥራቁ ጥግ ደረሳቸው። ያኔ ገና አዲስ ተጋቢዎች ነበሩ።

ጥጉ ሁለት ትልልቅ መስኮቶች ነበሩት። የመንዝን ብርድ የሚያውቅ ሰው የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ቤት ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም። መኳንንት ባና የሚሠራ ሸማኔ ነው። ጌታነሽ የበጉን ፀጉር ታጥባለች፣ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፤ እሱ ያን ክር ወፍራም የብርድ ልብስ አድርጎ ይሸምነዋል። ሌላው ሸማኔ መሬት ቆፍሮ እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ ይሠራል። መኳንንት ግን የሚሠራው ፎቅ ላይ ስለሆነ አናጺ ከፍ ያለ መደብ ሠርቶለት፣ እግሩን በመደቡ ቀዳዳ አንጠልጥሎ ነበር የሚሸምነው። አንድ ልጃቸው ጽናት የተወለደችውም ያደገችውም የሽመናው መምቻ ክሩን ሲመታ እየሰማች ነው። አሁን ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች።

በስተምሥራቅ ያለው ባዶ ቦታ ለደመላሽ በሊዝ የተሰጠው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ደመላሽ ባዕድ አልነበረም። እናቱ እዚያው ፎቅ ሥር፣ ምድር ቤቱ ውስጥ ተከራይተው አሳድገውታል። በኋላ ምስርና ስንዴ እየጫነ ሰው ሆነ። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ደረጃውን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዟል።

«እትዬ ጌታነሽ፣ ትንሽ አቧራ ልትታገሡኝ ነው።»

«አቧራማ ይራገፋል። ስንት ፎቅ ነው የምታቆመው?»

«ፈቃዱ የአራት ነው። ታቹ ሱቅ፣ ላዩ የሚከራይ መኖሪያ።»

መኳንንት ከመደቡ ሳይወርድ፣ «ለእኛ የምትሰጠን ፊትህን ነው ጀርባህን?» አለው።

«ጎኔን ነው፣ ጋሼ» አለ ደመላሽ። ሦስቱም ሳቁ።

ቆፋሪው መኪና በገባ ሳምንት ግን ሳቁ ቀረ። ወለሉ እንደታመመ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ መደርደሪያው ላይ ያለው ብርጭቆ እርስ በርሱ ይጋጫል። አንድ ቀን ጌታነሽ ከገበያ ስትመለስ የመስኮቱ ጥግ እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰንጥቆ አገኘችው። ጣቷ ይገባበታል። ለማዘጋጃ ቤት ተነገረ፤ አንድ ባለሙያ መጥቶ ስንጥቁ ላይ ጄሶ ለጠፈበት። ጄሶው ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ነው ማለት ነው፣ ተመልሼ አያለሁ ብሏቸው ሄደ። ጄሶው ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። ባለሙያው ግን አልተመለሰም፤ ሌላ ወረዳ ተዛውሯል ተባለ። ደመላሽ ራሱ ሠራተኞች ልኮ ግድግዳውን በባሕር ዛፍ አስደገፈላቸው፣ ስንጥቁንም በሲሚንቶ አስሞላው። ሲሚንቶው በጥቁሩ ድንጋይ ላይ እንደ ጠባሳ ነጭ ሆኖ ቀረ።

ከጣውላው ወዲያ ያለችው ጎረቤታቸው ገበያነሽ ያን ጊዜ ነው የለቀቀችው። የትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ ሆና ጡረታ የወጣች ሴት ናት።

«ግድግዳ ስጠብቅ አላድርም፣ እቴ» አለቻት ለጌታነሽ፣ አልጋዋን በሸክም ስታስወርድ። «ዘመሮ ያለው ልጄ ጋ እሄዳለሁ። ምራቴ ፊቷን ብታዞርብኝም ግድግዳዋ ቀጥ ያለ ነው።»

ጌታነሽ እስከ ታች ሸኘቻት። ስትመለስ ደረጃው አደከማት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ያደክማት ነበር።

ግንባታው አንዴ ይሮጣል፣ አንዴ ይቆማል። መንገድ ሲዘጋ ሲሚንቶ ይጠፋል፤ ሠራተኞቹም ወደየቤታቸው ይበተናሉ። መንገዱ ሲከፈት እንደገና ይመጣሉ። እንዲህ እንዲህ እያለ ሕንፃው ከመስኮታቸው ሥር ተነሣና ደፉን አለፈ፤ ከዚያም ከጣሪያቸው በላይ ሄደ። የጠዋቷ ፀሐይ ቀስ በቀስ ዘገየች፣ በመጨረሻም ቀረች። የተረፈው የቀትር ብርሃን ነው፤ ፀሐይ በሁለቱ ሕንፃዎች መሐል አናት ላይ ስትደርስ ለጥቂት ጊዜ ወለሉ ላይ ትወርድና እንደገና ትነሣለች። አምፖል አለ፤ መብራት ግን ሲፈልግ ይመጣል፣ ሲፈልግ ይሄዳል። የከተማው ሰውም ቤቱን ከዚያ ወዲህ «አሮጌው ፎቅ» ይለው ጀመር።

ያን ሰሞን ከዘመሮ የመጣ ደንበኛ የገዛውን ባና ይዞ ተመለሰ። ጥቁሩና ነጩ መስመር መሐሉ ላይ ተሳክሯል። መኳንንት በዕድሜው ሥራ ተመልሶበት አያውቅም። ባናውን ተቀብሎ ጭኑ ላይ አድርጎ በእጁ ዳሰሰው።

«ጨለማ ነው» አለ በመጨረሻ። «ሕንፃው ነው እንጂ እንዲህ አልሠራም ነበር።»

«ይኸው ታያለህ» አለች ጌታነሽ ለደንበኛው፣ መስኮቱን እያሳየችው። ሰውየው አየና ራሱን ነቀነቀ። እውነትም ጨለማ ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራቸው የጠየቃትን ሁሉ መስኮቱ ድረስ ወስዳ ታሳየው ጀመር።

አዲሱ ሕንፃ አልቆ ተከራዮች ሲገቡ ፊት ለፊታቸው ያለችውን ክፍል የያዘችው መሲ የምትባል ነርስ ናት። የሁለቱ መስኮቶች ርቀት ሰው ቢዘረጋ እጅ ለእጅ ሊነካካ ምንም አይቀረው። በገባች በሳምንቷ ነጠላዋን እንደ ነገሩ ጣል አድርጋ፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ በአሮጌው ደረጃ ወጥታ መጣች። ጌታነሽ መቀመጫ ሰጠቻት።

«እማማ፣ እንዳይቀየሙኝ ብዬ ነው እኔው የመጣሁት» አለች መሲ። «ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነኝ። የምተኛው ቀን ነው። ልክ እንቅልፍ ሲወስደኝ ጋሼ መምታት ይጀምራሉ።»

«እኛም የምንሠራው ቀን ነው፣ ልጄ።»

«ጠዋት ጠዋት ወይ ከሰዓት በኋላ ቢያደርጉትስ?»

«ጠዋትና ከሰዓት ብርሃን የለንም። ብርሃኑ በዚያ በኩል ነበር የሚመጣው» አለች ጌታነሽ፣ የመሲን መስኮት በአገጯ እያመለከተች።

መሲ ዞር ብላ የራሷን መጋረጃ አየች።  «እኔ እኮ ተከራይ ነኝ» አለች ቆይታ።

«አውቃለሁ። እኛም ተከራዮች ነን። አንቺን አላልኩሽም።»

 ሁለቱም ሴቶች ለመከራከር የሚሆን ጉልበት አልነበራቸውም። ሳይታሰብ መኳንንት ከመደቡ ላይ ተናገረ።

«ትተኛ። ሌሊቱን ሙሉ በሽተኛ ስታነሣ ስትጥል አድራ እንዴት አትተኛም? አልመታም።»

ጌታነሽ ቀልድ መስሏት ነበር። በማግስቱ ግን ቀትር ላይ ፀሐይዋ ወርዳ መደቡን ስታበራ መኳንንት እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ። በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በሳምንቱ ጥቂት ይመታል፣ ወዲያው «ተኝታለች» ብሎ ይተወዋል። ጌታነሽ የምትፈትለው ክር እየተጠቀለለ ቅርጫቱን ሞላ፤ ከቅርጫቱ አልፎም አልጋው ሥር ገባ። የታዘዘ ባና ቢኖርም ባለቤቱ እየመጣ በባዶ እጁ ይመለሳል።

አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ።

«ለሷ እንቅልፍ ታዝናለህ። ለኛ ራት ማን ይዘንልን?»

«ሰው ናት።»

«እኛስ?»

 ምን ይመልሳል? ለደከመች ነርስ ሲል ሥራውን የሚተው ሰው ደግ ሰው ነው፤ ደግን ሰው ምን ብሎ መክሰስ ይቻላል? ጌታነሽን ይኼ ነበር ከሁሉ የሚያንገበግባት። ጽናት ስትደውል ነገሩን አነሣችባት። «አባዬ እኮ ድሮም እንዲህ ነው» አለች ልጅቷ፤ ከኋላዋ የማሽን ድምፅ ይሰማል። ጌታነሽ ስልኩን ዘጋችና ድሮ እንዲህ ነበር ወይ ብላ አሰበች። ድሮስ ደግ ነበር፤ ሥራ ግን ትቶ አያውቅም።

ፋሲካ አለፈ። በአንዱ የገበያ ቀን፣ ቀትር ሲቃረብ፣ መሲ ሰገነቷ ላይ ልብስ ስታሰጣ ጌታነሽ ከታች አየቻት። ነቅታለች ማለት ነው አለችና የያዘችውን ጨው እንደጨበጠች ወደ አዲሱ ሕንፃ ገባች። እግሯ ያን ደጃፍ ሲረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ደረጃው ሰፊና ያልተጣመመ ነው፤ የቀለም ሽታው ግን ገና አልለቀቀም። ስንት ጊዜ እንዳረፈች ሳታውቅ የመሲ በር ደረሰችና አንኳኳች።

መሲ ደንግጣ ከፈተችላት። «እማማ፣ ምነው በደህና?»

«በደህና ነው። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁት። ቀትር ላይ ለጥቂት ጊዜ ቢሆን ፍቀጂለት። ጆሮሽ ውስጥ ጥጥ አድርገሽ ትተኛለሽ። እኛ እየተራብን ነው፣ ልጄ።»

መሲ አልገባትም። «ምኑን ነው የምፈቅደው?»

«እንዲሸምን ነዋ። አንቺ ትተኛለሽ ብሎ ትቶት ተቀምጧል።»

«እኔ እኮ ቀን መግባት ከጀመርኩ ቆየሁ» አለች መሲ ቀስ ብላ። «ከፋሲካ በፊት ነው ተራዬ የተቀየረው። ዛሬ ዕረፍት ሆኜ ነው ያገኙኝ። ለጋሼም ያኔውኑ ነግሬያቸዋለሁ፤ ደረጃ ላይ አግኝቻቸው፣ አሁን እንደልብዎ ይምቱ ብያቸዋለሁ።»

«ምን አለሽ?»

«እሺ ልጄ አሉኝ።»

«መጋረጃሽ ግን ሁልጊዜ ዝግ ነው።»

«መስኮታችን ተቀራርቦ አፍሬ ነው የምዘጋው፣ እማማ።»

ይኼን እያለች መጋረጃውን ገለጥ አደረገችው። ጌታነሽ ወደዚያ ቀረበች። የኖረችበትን ቤት ከውጭ፣ ጥቂት ከፍ ብላ ስታይ ይኼ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። ነጩን የሲሚንቶ ጠባሳ፣ ያዘመሙትን የባሕር ዛፍ ድጋፎች፣ የዛገውን ቆርቆሮ አየች። መስኮቷ ያላሰበችውን ያህል ትንሽ ነበር። ከመስኮቱ ወዲያ መኳንንት መደቡ ላይ ተቀምጧል። ፀሐይዋ ወርዳ ጉልበቱን፣ እጁን፣ ክሩን ሁሉ አብርታለች። እሱ ግን የተበጠሰ ክር ጫፍ ይፈልጋል። ክሩ ፊት ለፊቱ፣ እዚያው ብርሃኑ ላይ ተንጠልጥሏል። እጁ ግን በአጠገቡ ያልፋል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ያልፋል። በመጨረሻ በጣቱ ሳንቃውን እየዳሰሰ መጥቶ አገኘው። ለማሰር ሞከረ፤ ጫፉ አመለጠው። ከዚያ እጁን ጭኑ ላይ አጣጥፎ ተቀመጠ።

መሲ መጋረጃውን ለቀቀችው።

«ዓይናቸውን ታይተዋል?» አለች መሲ።

«እኔንስ መቼ ነገረኝ።»

«ያን ቀን ደረጃው ላይ ሲወርዱ እያንዳንዱን እርከን በእግራቸው እየፈለጉ ነበር። ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም።»

ጌታነሽ ስትመለስ አልቸኮለችም። ጨውዋን አስቀመጠች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ ከመደቡ ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። በሕንፃው ላይ ይዛው የከረመችው ቁጣ ደረጃው ላይ ቀርቶባታል። ደክሟታል፤ ያ ብቻ ነው የነበራት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

ምኑን ነው ብሎ አልጠየቃትም። መምቻውን በእጁ ነካ ነካ አደረገው።

«ሕንፃው ሳይቆም ነው» አለ። «መጀመሪያ ዳር ዳሩ ነው የጠፋኝ። ሰው ከጎኔ ሲመጣ አላየውም። ከዚያ ወደ መሐል እየገባ መጣ። ሕንፃው ሲቆም ሰው ሁሉ ጨለመ ሲል እኔም ጨለመ አልኩ። ተመቸኝ።»

«ነርሷስ?»

«እሷም ተመቸችኝ። ምን ልበልሽ? ሸማኔ ዓይኔ ጠፋ ሲል ምን ይሆናል? ለሰው እንቅልፍ ብዬ ተውኩት ማለት ይሻለኛል።»

«ለእኔም?»

«ላንቺ ነው በተለይ» አለ።

ጌታነሽ ለሰው ሁሉ መስኮቱን ስታሳይ የከረመችውን አሰበች። ደመላሽ መንገድ ላይ ሰላም ሲላት ፊቷን ያዞረችበትንም አሰበች። ደመላሽ ብርሃናቸውን መውሰዱ ውሸት አልነበረም፤ ግድግዳውም በእውነት ተሰንጥቋል። የባሏን ዓይን ግን ማንም አልወሰደበትም። ይኼን በደል የምትጥልበት ሰው ብታጣ እንዝርቷን አነሣችና መፍተል ጀመረች፤ እሱም ድምፁን እየሰማ አጠገቧ ተቀመጠ።

ጽናት ፈቃድ ወስዳ መጥታ ደብረ ብርሃን ወሰደቻቸው። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ በትሕትና ነው የነገራቸው። የዓይን ግፊት ነው፤ የሄደው አይመለስም፤ የቀረው እንዳይሄድ ጠብታ በየቀኑ ሳይቋረጥ ያስፈልጋል አላቸው። መኳንንት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

«ብርሃን ባለበት ቤት ብኖር ኖሮ ይለወጥ ነበር?»

«አይለወጥም፣ አባት» አለው ሐኪሙ።

መኳንንት ራሱን ነቀነቀ። ጌታነሽ ያ መልስ ያሳርፈዋል ብላ አስባ ነበር፤ ፊቱ ላይ ግን ዕረፍት አላየችም። የሚወቅሰው ነገር ያጣ ሰው ፊት ነው ያየችው።

ሲመለሱ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃው ሥር ማስታወቂያ ለጥፎ ጠበቃቸው። የአሮጌው ፎቅ ላይኛው ክፍል ለነዋሪ ስለሚያሰጋ ከክረምት በፊት ይለቀቅ ይላል። ስንጥቁ ከተከፈተ ስንት ጊዜው! ጌታነሽ አንብባ ለመኳንንት ነገረችው። ሁለቱም አልተከራከሩም። በምትኩ ቀበሌው ከከተማው ዳር፣ በሞላሌ መንገድ በኩል፣ አንድ ክፍል የጭቃ ቤት ሰጣቸው።

የሽመናውን ዕቃ ኪዳነ የሚባል ወጣት ሸማኔ ከሞላሌ መጥቶ ወሰደው። መደቡ በበሩ አላልፍ ስላለ እዚያው መፈታት ነበረበት። መኳንንት ራሱ ፈታው፤ ለዚህ ዓይን አላስፈለገውም። የሽመናውን ጥርስ፣ ማጠንጠኛውን፣ መወርወሪያውን አንድ በአንድ በእጁ እያቀበለ ለኪዳነ ስማቸውን ነገረው። ኪዳነ ስማቸውን እያወቀ እንደማያውቅ ሆኖ አዳመጠ። ደመላሽ ደግሞ ከታች መጥቶ ሳይጠራ አንዱን ጫፍ ተሸከመ። ኪዳነ በመጣበት ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ሲያስሩት ጌታነሽ አጠገቡ ቆመች።

«ጥፋቴ ነው እንዴ፣ እትዬ?» አላት ደመላሽ፣ ገመዱን እየሳበ።

«ጥቂቱ» አለችው። ቆይታ ደግሞ፣ «ሁሉም አይደለም» አለች።

አልጋቸውንና የክሩን ቅርጫት የጫነላቸው እሱ ነው። ጌታነሽ የፈተለችውን ኪዳነ በየገበያው እየመጣ ሊገዛት ተስማምተዋል። አዲሱ ቤት ውርጭ ይገባዋል፤ ውኃም ሩቅ ነው። ደረጃ ግን የለውም። መኳንንት ጠዋት ጠዋት ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲለው በድምፁ ያውቀዋል፤ ያላወቀውን ደግሞ «ማን ልበል?» ብሎ ይጠይቃል። ይኼን መጠየቅ መጀመሪያ አፍሮበት ነበር፤ አሁን ለምዶታል።

ከተዛወሩ በኋላ ባለች እሑድ መሲ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጠይቃ ጠይቃ አገኘቻቸው። መኳንንት ጠብታውን በትክክል እየወሰደ እንደሆነ ለማየት ነው የመጣችው። ጌታነሽ እስካሁን ራሱ እንደሚያደርገው ነገረቻት። መሲ አድርገው ያሳዩኝ አለችው፤ መኳንንት አንጋጦ ብልቃጡን ከዓይኑ በላይ ይዞ ጫን ሲያደርገው ጠብታው ግንባሩ ላይ ወርዶ ወደ ጆሮው ሄደ።

«እስከ ዛሬ እንዲህ ነበር?» አለች መሲ።

«ይረጥባል፤ የገባ ይመስለኛል» አለ።

መሲ ብልቃጡን ወስዳ ለጌታነሽ ሰጠቻት። የታችኛውን የዓይን ቆብ እንዴት እንደምትስብ፣ እጇን ጉንጩ ላይ እንዴት እንደምታሳርፍ አሳየቻት። ጌታነሽ እንዳሳየቻት አደረገች። ዕድሜዋን ሙሉ ቀጭን ክር ያወጣ እጅ ነው፤ ብልቃጡ ግን አዲስ ሆነባት። የመጀመሪያው ጠብታ ጉንጩ ላይ ወረደ።

«ደግሞ ሞክሪ» አለ መኳንንት፣ ራሱን ጭኗ ላይ እንዳንጋለለ። «አልሄድብሽም።»

ትከሻዋን አመቻቸችና ደግማ ሞከረች።